የቀጋ አጥር

ቀጋ በደጋና በወይና ደጋ አገር የሚበቅል እሾኻም ቍጥቋጦ ነው። ቅጠሉ በበጋም በክረምትም አረንጓዴ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ አንዳንዱም ጥቂት ወደ ቢጫነት ያደላል። አምስት የአበባ ቅጠሎች አሉት፥ ሽታውም ደስ ያሰኛል። ፍሬው በበሰለ ጊዜ ይቀላል፤ እረኞችም ለቅመው ይበሉታል።

ይህን ሁሉ የደጋ ልጅ ያውቃል። ነገር ግን ቀጋ የጽጌ ረዳ ወገን መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከሰሐራ በረሓ ወደ ደቡብ ባለው የአፍሪቃ ምድር፥ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ጽጌ ረዳ ከቀጋ በቀር የለም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመን ተራራዎች ይገኛል። ጆን ሊንድሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የእጽዋት ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1820 ዓመት ስለ ጽጌ ረዳ ወገኖች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቀጋን «ሮዛ አቢሲኒካ» ብሎ ጻፈው፤ ትርጓሜውም የሐበሻ ጽጌ ረዳ ማለት ነው። በዝዋይና በሆለታ በላስቲክ ቤት ውስጥ እየለማ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ የሚላከው ጽጌ ረዳ ግን ዘሩ ከውጭ አገር የመጣ ነው። ሰው የሌላውን አገር አበባ በገንዘብ ገዝቶ ይተክላል፤ የራሱን አገር አበባ ግን በእሾኹ ብቻ ያውቀዋል።

የሩቅ አገር አበባ መውደድ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተክል የራሱ ጠባይ አለው። በቻይናና በጃፓን ካሜሊያ የሚባል አበባ አለ፤ ከሻይ ተክል ጋር አንድ ወገን ነው። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፥ አበባውም ጽጌ ረዳን ይመስላል። ይህ ተክል ኮምጣጣነት ያለውን አፈር ይወዳል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ቢተክሉት ቅጠሉ ይገረጣል። ጥላም ይፈልጋል። እምቡጡን በሌሊት ውርጭ ከመታው በኋላ የማለዳ ፀሐይ ቢያገኘው ጠውልጎ ይረግፋል። እኅቱ ሻይ በኢሉባቦር በጉመሮ፥ በከፋም በውሽውሽ ይለማል፤ በዚያ አገር ዝናቡ ብዙ ነው፥ ብርዱ ግን እንደ ባሌ ደጋ አይከብድም። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ከበላይዋ የሳነቴ ሜዳ አለ፤ በዚያም ያለው የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀጋ ግን ይህን ብርድ ለምዶ ያደገ ነው።

በጎባ ከተማ ዳር ግቢያቸውን በቀጋ ያጠሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። አጥሩን የተከሉት ባላቸው በሕይወት ሳሉ ነው። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፥ ቅርንጫፉም እርስ በርሱ ተጠላልፎ፥ ድመት እንኳ አያሳልፍም ነበር። ባልቴቲቱም በግቢው ውስጥ ሦስት በጎች ያሳድሩ ነበር።

በጎረቤታቸው አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ነበረ። መምህሩ ተማሪዎቹን፥ «እያንዳንዳችሁ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ አንድ አንድ አበባ ትከሉ፤ ወላጆቻችሁ በሚመጡበት ቀን ያማረ አበባ ለተገኘበት ሽልማት ይሰጠዋል» አላቸው። ሌሎቹ ልጆች በጊዜው ዘር ዘሩ። ይህ ልጅ ግን ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ ደረሰ። ስምንት ቀን ሲቀረው በምሽት መቈፈሪያ ይዞ ወደ ባልቴቲቱ አጥር ሄደ፤ በጓሮው በኩልም ሦስት የቀጋ ግንድ ነቀለ። ወሩ ታኅሣሥ ነበረ፥ መሬቱም ደርቆ ነበር። የቀጋ ሥር ወደ ታች ጠልቆ ይሄዳል፤ ልጁም ስለ ቸኰለ ሥሩን በመቈፈሪያው እየቈረጠ አወጣው።

በማግስቱ ሦስቱ ቀጋዎች ከነለምለም ቅጠላቸው በአትክልቱ ቦታ ቆመው ታዩ፤ ልጆቹም ተደነቁ። በሦስተኛው ቀን ጫፋቸው ጐነበሰ። ልጁ ጧትና ማታ ውሃ ቢያጠጣቸውም አልዳኑም፤ ተክል በሥሩ የጠጣውን ውሃ በቅጠሉ ወደ አየር ያወጣልና፥ ሥሩ ሲቈረጥ ቅጠሉ ማውጣቱን አይተውም፥ የሚተካለት ግን የለም። ወላጆች በመጡበት ቀን ቅጠሉ በእጅ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ሽልማቱን ከዘር ያበቀለች አንዲት ልጅ ወሰደች።

በዚያው ሌሊት ጅብ በተነቀለው ቀጋ ቦታ ገብቶ ከባልቴቲቱ በጎች እርጕዝ የነበረችውን ወሰደ። ሲነጋ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቀዳዳውን አዩ። አንዱ፥ «ይህ የጅብ ሥራ አይደለም፤ አፈሩ በመቈፈሪያ ተቈፍሯል» አለ። ሌላውም፥ «ያቺ እንጨት ለቃሚ ልጅ ማገዶ ብላ ነቅላው ይሆናል፤ በዚህ በኩል ስትመላለስ አይቻታለሁ» አለ። ልጅቱ አባቷ የሞተባት ድኻ ነበረች፤ ስለዚህ የሰውዬው ቃል ቶሎ ታመነ። ልጁም ከአባቱ ጀርባ ቆሞ ይህን ሰማ፥ ነገር ግን አልተናገረም። ያን ቀን እንጀራ አልበላም። ሌሊቱንም ጅብ ሲጮኽ ሰማ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄደ።

«እማማ፥ ቀጋውን የነቀልሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

ባልቴቲቱ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ግንዶቹ የት አሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ደረቁ፥ እማማ።»

«እንግዲያስ ለአንተም አልሆነ፥ ለእኔም አልሆነ። ሰዎቹ ግን የዚያችን ልጅ ስም ሲያነሡ ሰምተሃል። አስቀድመህ ወደ እናቷ ቤት ሂድ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ተመለስ» አሉት።

ያ መንገድ አጭር ነበረ፤ ልጁ ግን እስኪመሽ ድረስ ፈጀበት። ሲመለስም አባቱ ነገሩን ሰምቶ በባልቴቲቱ ደጅ ቆሞ አገኘው። አባቱም፥ «የበጊቱን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ፥ ያጠፋው ልጄ ነውና። አጥሩን ግን አንተ ትመልሳለህ» አለው። በገበያ ቀንም አንዲት ወጣት በግ ገዝቶ አመጣላቸው። የጠፋችውን ያህል አልነበረችም፤ ባልቴቲቱ ግን አመስግነው ተቀበሉ።

ቀዳዳውን በደረቅ እሾኽ ዘጉት። ደረቅ እሾኽ ጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ይበሰብሳል፥ በየዓመቱም ሌላ መቍረጥ ያሻል። ሕያው አጥር በአንጻሩ በየዓመቱ ይጠነክራል። ልጁም ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ለመገላገል ፈልጎ፥ «እማማ፥ በዲንሾ በኩል በዱሩ ውስጥ ቀጋ ሞልቷል ይባላል፤ ከዚያ ነቅለን እናምጣ?» አላቸው።

«ከእኔ አጥር ነቅለህ ያደረቅኸው አይበቃህም? አሁን ደግሞ ከዱሩ ልትጀምር ነው?» አሉት።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ስፍራ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። በዚያ ጥድና ኮሶ በሚቆሙበት ዱር ውስጥ ቀጋ ይበቅላል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘንም በቍጥቋጦው መካከል ይጠለላል። የዱሩን ቀጋ የሚነቅል ሰው የአጋዘኑንም ቤት ያፈርሳል። ደግሞም መንቀል አያስፈልግም። ከአንድ የቀጋ አጥር ሃያና ሠላሳ በትር ቢቈረጥ እናቲቱ አትጐዳም፤ በመልካም ከተቈረጠ እንዲያውም አዲስ ቅርንጫፍ ታወጣለች። ከፍሬውም ዘር ማብቀል ይቻላል፤ ነገር ግን ዘሩ ጠንካራ ስለ ሆነ ሳይበቅል ብዙ ወራት በአፈር ውስጥ ይቈያል።

ልጁ በትሩን በማግስቱ ሊቈርጥ ወደደ። ባልቴቲቱም፥ «ውርጩ ይለፍ» አሉት። ጥርም አለፈ። የካቲት ሲገባ ቢላዋቸውን በድንጋይ ስለው ሰጡት፤ የደነዘ ቢላዋ በትሩን ይጨፈልቀዋል፥ የተጨፈለቀውም ይበሰብሳል። የሚቈረጠው በትር ባለፈው ክረምት ያደገው ነው፤ በጣም ለጋ ሊሆን አይገባም፥ ያረጀ እንጨትም አይበጅም። ውፍረቱ እንደ እርሳስ፥ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ይሁን። የታችኛው ጫፍ ከዐይኑ ሥር በአግድም ይቈረጣል፥ የላይኛውም ቀጥ ብሎ ይቈረጣል፤ ይህም የትኛው ራስ የትኛው እግር እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነው። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይቀርለታል፥ ሌላው ይነሣል።

ልጁ 24 በትሮች ቈረጠ። የወንዝ አሸዋና አፈር እኩል ቀላቅሎ ከቀትር ፀሐይ በተከለለ በቤቱ ጥግ መደብ ሠራ፤ ከእያንዳንዱም በትር ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ በአፈር ቀበረ። ባልቴቲቱ መጥተው ተመለከቱ፤ አራቱ ተዘቅዝቀው ተተክለው አገኙ። ሳቁና፥ «አንተ በራስህ ቆመህ ውሃ ትጠጣለህን?» አሉት። አራቱንም አውጥቶ አስተካከላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዐይኑ ትንንሽ ቅጠል ወጣ። ልጁም እጅግ ደስ ብሎት፥ «በቅሏል!» እያለ ሮጠ፤ ሥሩንም ለማየት ሁለቱን ነቀለ። ሥር የሚባል አልነበረም። ይህ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር ነው። በትር ሥር ሳያወጣ አስቀድሞ በውስጡ ባለው ስንቅ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ሥሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፥ በብርድ አገርም ከሁለት ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሥሩ እስኪመጣ ድረስ በትሩ መነቅነቅ የለበትም። ሁለቱን መልሶ ቢተክላቸውም ደረቁ።

ልጁም ከዚህ በኋላ በትጋት ብዛት አጠፋ። በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ያጠጣ ነበርና ስምንቱ ከታች ጠቍረው በሰበሱ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን፤ ሥርም አየር ይሻል። ሌሎች ሦስቱ ደግሞ ያለ ምንም የሚታይ ምክንያት ደረቁ። እንዲህ ያለው ነገር ለሠለጠነ አትክልተኛም ያጋጥማል። የቀሩት 11 ነበሩ።

በባሌ ደጋ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በበልግ፥ ሌላው በክረምት። ስለዚህ የሮቤና የጎባ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ስንዴና ገብስ ያመርታል። የበልጉ ዝናብ ችግኞቹን አሳደጋቸው፤ ሐምሌም በገባ ጊዜ ወደ አጥሩ ቦታ ለማዛወር ተዘጋጁ። የባልቴቲቱ ጓሮ ዝቅ ያለና መረሬ አፈር ያለበት ነበረ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በሮቤ ሜዳም ይህን የመሰለ አፈር ብዙ ነው። ቀጋ ድርቅን ይችላል፥ በውሃ ውስጥ መቆምን ግን አይወድም። ስለዚህ ልጁ ከአባቱ ጋር ሆኖ አፈሩን ከፍ አድርጎ እንደ ጋሻ ጀርባ ደለደለው፥ በዳሩም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቈፈረ። ጕድጓዱን አንድ ክንድ ስፋት አንድ ክንድ ጥልቀት አደረገው። ፍጉን ከበጎቹ በረት አወጣ፤ ያቺ ጅብ የወሰዳት በግ ስታድርበት ከነበረው ጥግ የቈየ፥ ጠቍሮ አፈር የመሰለ ፍግ ነበር። ትኩስ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ እንዲህ ያረጀው ግን ይመግባል። ልጁ ፍጉን ሲዝቅ ዝም ብሎ ነበር፥ ባልቴቲቱም አልተናገሩትም።

ችግኞቹን በሁለት ረድፍ፥ በአንደኛው ረድፍ ስድስት፥ በሁለተኛው በመካከላቸው ትይዩ አምስት አድርጎ ተከለ። ደረቁ እሾኽ ግን በውጭ በኩል ሳይነሣ ቈየ። በሥራቸውም ዙሪያ የገብስ ገለባ አለበሰ፤ ገለባው አረምን ይከለክላል፥ እርጥበትንም ይጠብቃል። ከግንዱ ጋር ግን አይጠጋ፤ ቢጠጋ ቅርፊቱ ይበሰብሳል።

በመስከረም አንዱ ችግኝ በአንድ ሌሊት ወደቀ። ሲያዩት ሥሩ ከታች ተበልቶ ነበር። ፍልፈል ነው። ፍልፈል በደጋ አትክልተኛ ላይ ብዙ ጥፋት ያደርሳል፤ በሳነቴ ሜዳ ግን ትልቁ የባሌ ፍልፈል የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው፥ ስለዚህ እርሱም ከንቱ ፍጥረት አይደለም። ልጁ የጕድጓዱን መንገድ ፈልጎ በድንጋይ ደፈነው፤ በወደቀውም ቦታ ሌላ በትር እስኪደርስ ድረስ ባዶ ቀረ።

ኅዳር በገባ ጊዜ ችግኞቹ ወዲያና ወዲህ ተዘርግተው ነበርና፥ ልጁ አጥሩ እንዲያምር ሊከረክማቸው ቢላዋ አነሣ። ባልቴቲቱም ከለከሉት። ቀጋ በተቈረጠበት ስፍራ ለጋ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ለጋውንም ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቍረዋል። አሮጌው ቅጠል ግን ብርዱን ይችላል። መከርከም የሚገባው ውርጩ ካለፈ በኋላ፥ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፥ በየካቲት ነው። በዚያ ጊዜ የሞተውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይነሣል፤ የቀረውም ወደ ውጭ ከሚመለከት ዐይን በላይ ይቈረጣል። በውርጩ ወራት ልጁ ማታ ማታ ችግኞቹን በጆንያ ይሸፍን፥ ፀሐይ ስትወጣ ይገልጥ ነበር። ውሃም የሚያጠጣው በጧት ነበረ፤ በማታ የረጠበ ቅጠል ከውርጩ ጋር አይስማማም፥ ለበሽታም ይመቻል።

በሚቀጥለው ዓመት ክሽክሽ በለጋው ጫፍ ላይ ሰፈረ። ክሽክሽ ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ነው፤ የቅጠሉን ጭማቂ ይመጣል፥ ቅጠሉም ይጠቀለላል። ልጁ በሳሙና ውሃ አጠበው። ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ ግን እንዳይገድላት ባልቴቲቱ አስጠነቀቁት፥ እርስዋ ክሽክሽን ትበላለችና። አንዳንድ ቅጠልም ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፤ ይህ በሽታ ነው፥ እንዲህ ያለውን ቅጠል ቈርጦ ከአትክልቱ ማራቅ ይገባል።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አበባ ፈነዳ። በሰው ጥበብ ቅጠሉ የተደራረበ የከተማ ጽጌ ረዳ ለዐይን ያምራል፤ ነገር ግን ንብ ወደ ልቡ ለመግባት ትቸገራለች። የቀጋ አበባ ግን ልቡ ክፍት ነው። ማለዳ ፀሐይ ሲሞቅ አጥሩ በንብ ድምፅ ይሞላ ነበር። ፍሬውም በቀላ ጊዜ እንጨት ለቃሚዋ ልጅ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ልጁ ጥቂት ለቅሞ ሰጣት። በቀጋ ፍሬ ውስጥ በዘሩ ዙሪያ የሚያሳክክ ፀጕር አለ፤ እርሱን ሰንጥቆ አራግፎላት ነበር። ልጅቱ ወዲያው አልተቀበለችውም። ጥቂት ቆማ ተመለከተችው፥ ኋላም ተቀብላው ሄደች።

በሦስተኛው ዓመት ቅርንጫፎቹን ለስልሰው ሳሉ እርስ በርሳቸው አጠላለፋቸው፤ ደረቁንም እሾኽ አንሥቶ አቃጠለው። በፍልፈሉ የጠፋውን ቦታ ሌላ ችግኝ ሞላው። የባልቴቲቱም በጎች አምስት ሆኑ።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በጓሮው በኩል አለፈ። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር፥ በላዩም የጅብ ዱካ ይታይ ነበር። ዱካው ከመንገዱ መጥቶ አዲሱ ቀጋ አጠገብ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል፤ ከዚያም አጥሩን እየተከተለ እስከ ማዕዘኑ ሄዶ ወደ ወንዙ ወርዷል።